«ቾይሱን አስገባና እየው» ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ

ይሄን ጽሑፍ ሳምንቱን ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁ። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ውስጡ ሒሳብ አለበት። «ሒሳብማ አልወድም» ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ። የማትወዱት በእኔና በመሰሎቼ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

የአቃቂ ልጆች ታውቁኛላችሁ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ አላችሁ፤ ለማትሪክ ቅዳሜና እሁድ ቲቶሪያል ያስጠናኋችሁም አላችሁ። ዛሬ የማነሳው አንድ ትንሽ ትምህርት ነው። ሁለት ኢኩዌሽን፣ ሁለት የማይታወቅ ነገር። «ሲስተም ኦፍ ሊኒየር ኢኩዌሽንስ» እያልን ያሸመደድናችሁ። ትንሽ ይመስላል። ግን ይሄ ትምህርት ተበላሽቶ ሲሰጥ የሰው ደመወዝ እንደሚያስቆርጥ ሰሞኑን በዓይኔ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ቃሊቲ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነው። የእሱንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም። ቆጠራ ሲደረግ 10 ካርቶን ሳሙና ጎደለ። ልጁ ሌባ አይደለም፤ ግን ፈርሞ ስለተረከበ ጉድለቱ እሱ ላይ ወደቀ። «እሺ፣ እከፍላለሁ» አለ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፦ የአንድ ካርቶን ሳሙና መግዣ ዋጋ ስንት ነው?

አቅራቢው ሥራውን ትቷል፤ ስልኩም አይነሳም። የተገኙት ሁለት ደረሰኞች ናቸው። በሁለቱም ላይ የአንዱ ዋጋ የለም፤ የተጻፈው ጥቅል ድምር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው፦ 20 ካርቶን ሳሙናና 30 ካርቶን ዘይት፣ 84,000 ብር።

ሁለተኛው፦ 30 ካርቶን ሳሙናና 45 ካርቶን ዘይት፣ 126,000 ብር።

የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ጠያየቀች። «ሳሙናው ያኔ 1,200 ገደማ፣ ዘይቱ 2,000 ገደማ ነበር» ያላት ሰው አለ። አስገብታ ሞከረችው። በመጀመሪያው ደረሰኝ፦ 24,000 ሲደመር 60,000፣ ልክ 84,000። በሁለተኛው፦ 36,000 ሲደመር 90,000፣ ልክ 126,000። ገጠመ! «ዋጋው በሁለት ደረሰኝ ተረጋግጧል» ብላ ጻፈች። 10 ካርቶን በ1,200፣ 12,000 ብር። ከደመወዝህ በየወሩ ይቆረጣል ተባለ።

እስቲ አሁን ስልካችሁን አውጡና አብራችሁኝ ደምሩ። ሳሙናው 900፣ ዘይቱ 2,200 ቢሆንስ? 18,000 ሲደመር 66,000፣ 84,000። 27,000 ሲደመር 99,000፣ 126,000። ይሄም ገጠመ። ሳሙናው 600፣ ዘይቱ 2,400 ቢሆንስ? 12,000 ሲደመር 72,000፣ 84,000። 18,000 ሲደመር 108,000፣ 126,000። ይሄም ገጠመ!

ታዲያ ልጁ የሚከፍለው ስንት ነው? 12,000? 9,000? ወይስ 6,000?

እውነቱ፣ ሁለተኛው ደረሰኝ የመጀመሪያው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ሁለት ምስክር ቀረበ ሲባል የቀረበው አንዱ ምስክር ነው፤ ሁለት ጊዜ ተናገረ እንጂ። ከእነዚህ ሁለት ወረቀቶች የሳሙናውን ዋጋ ማንም ሊያወቅ አይችልም። እኔም፣ ኮምፒውተርም፣ ማንም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ያቺ የሒሳብ ሠራተኛም የእኔ ተማሪ ናት። ያውም ከጎበዞቹ። እና ያደረገችው ነገር እኔ ያስተማርኳትን ነው።

በቲቶሪያሉ ጊዜ ምን እል ነበር? ታስታውሳላችሁ። «ልጆች፣ ለምን ትደክማላችሁ? አራት ቾይስ ተሰጥቷችኋል። ቾይሱን አስገባና እየው፤ የገጠመው መልስ ነው። ቀጥል!» ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፣ ይጽፋል። እኔም ደስ ይለኛል። ወላጅ ደግሞ «እሱ መምህር ሾርትከት ያውቃል» እያለ ልጁን ያመጣልኛል። በዚያ ገንዘብ ልጆቼን አሳድጌያለሁ፤ ይሄንንም አልደብቅም።

ስቶር ኪፐሩስ? እሱ በክፍል ውስጥ ከ50ዎቹ ውጤት አልፎ አያውቅም። ግን አንድ ቀን እጁን አውጥቶ የጠየቀኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ሁለት ኢኩዌሽን ደምሬ አንዱን ያልታወቀ አጥፍቼ ስሄድ፣ «ቲቸር፣ ይሄ የደመሩት አዲሱ ኢኩዌሽን እኮ ጥያቄው ላይ የለም። እርስዎ ነዎት ያመጡት። መልሱ የድሮው ጥያቄ መልስ መሆኑን በምን አወቅን?» አለኝ።

ምን ብዬ መለስኩ? «ሜተዱ ነው፣ ያዘው። ፈተና ላይ ይሄ አይጠየቅም።»

ልጁ ተቀመጠ። ሁለተኛ አልጠየቀም። ያ ዝምታ ነው አሁን የሚከነክነኝ። በሃያ ምናምን ዓመት ከተጠየቅኩት ሁሉ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነበር፤ እኔም «ያዘው» ብዬ አስቀመጥኩት።

ዘግይቼም ቢሆን ዛሬ ልመልስለት። እናንተም ስሙት፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና።

መጽሐፉ ላይ «ኢኩዊቫለንት ሲስተም» የሚል ቃል አለ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንደ ጸሎት ደግመነው አለፍን። በአማርኛ ብንለው «አቻ ሥርዓት» ነው። ሁለት ሥርዓቶች አቻ የሚባሉት የአንደኛው መልስ የሆነ ሁሉ የሌላኛውም መልስ ሲሆን፣ የሌላኛው መልስ የሆነም ሁሉ የአንደኛው ሲሆን ነው። መልኩ ይለያያል፤ መልሱ አንድ ነው። በሚቀጥለው መስመር ላይ የጠፋ መልስ የለም፤ ከውጭ ሾልኮ የገባም የለም።

የተፈቀዱት ሥራዎች ሦስት ብቻ ናቸው። አንድ፣ የኢኩዌሽኖቹን ቅደም ተከተል መቀያየር። ሁለት፣ አንዱን ኢኩዌሽን ዜሮ ባልሆነ ቁጥር ማባዛት። ሦስት፣ የአንዱን ብዜት በሌላው ላይ መደመር፣ ግን የደመርከውን እንዳለ ትተህ። በቃ።

ለምን እነዚህ ብቻ? ምክንያቱም ሦስቱም የሚመለሱ ናቸው። የቀያየርከውን መልሰህ ትቀያይራለህ። በ3 ያባዛኸውን ለ3 ታካፍላለህ። የደመርከውን ትቀንሳለህ። ከአቃቂ መገናኛ በሄድክበት መንገድ መመለስ ከቻልክ መንገዱን አልሳትክም ማለት ነው። በዜሮ ብታባዛስ? 0 = 0 ይሆናል። 84,000 ብሩም፣ ሳሙናውም፣ ዘይቱም ጠፋ። ከዚያ ወደ ኋላ መመለሻ የለም። ደረሰኙን አቃጥለኸዋል።

ልጁ የጠየቀኝ መልሱ ይሄው ነው። ሁለቱን ኢኩዌሽኖች የሚያሟላ ማንኛውም ጥንድ ቁጥር ድምራቸውንም ያሟላል፤ ስለዚህ ስንደምር የጠፋ መልስ የለም። ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር ስላልጣልነው፣ ከድምሩ ላይ እሱን ብንቀንስ ሁለተኛው መስመር ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ የተጨመረ መልስም የለም። ይሄን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። አምስት ደቂቃ ነፈግኩት።

በዚህ መንገድ ሁለቱን ደረሰኞች እንያቸው። ሳሙናን «ሳ»፣ ዘይትን «ዘ» እንበል።

20ሳ + 30ዘ = 84,000
30ሳ + 45ዘ = 126,000

የመጀመሪያውን በ3፣ ሁለተኛውን በ2 እናባዛ፦

60ሳ + 90ዘ = 252,000
60ሳ + 90ዘ = 252,000

አያችሁ? ሁለቱ አንድ ሆኑ። ከአንዱ አንዱን ስንቀንስ 0 = 0። ሥራው ራሱ «ወንድሜ፣ ያለህ አንድ ደረሰኝ ነው፤ ሌላ ማስረጃ ፈልግ» ብሎ ይነግራችኋል። ቾይስ ማስገባት ግን ይሄን በፍጹም አይነግራችሁም። ቾይስ ማስገባት የሚነግራችሁ «ይሄ ይገጥማል» ብቻ ነው። «ሌላ የሚገጥም የለም» አይላችሁም። በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ደመወዝ ነው።

የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ ልጆች፣ አባቶቻችሁ በቶርኖ ላይ የሠሩ፣ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ስለገባ ብቻ ልኩ ነው ይባላል እንዴ? ቀጭን ብሎን ሁሉ ይገባል እኮ! ልኩ መሆኑን ለማወቅ መለካት አለ። እኛ ግን ብሎን እየወረወርን የገባውን «መልስ» ስንል ኖርን።

«ፎርሙላውስ? ክራመርስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ስዊዘርላንዳዊው ገብርኤል ክራመር እ.ኤ.አ. በ1750 ያሳተመው ደንብ ቆንጆ ነው፤ አስራ አንደኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። እዚህ ላይ ሞክሩት። 20 ሲባዛ በ45፣ 900። 30 ሲባዛ በ30፣ 900። ልዩነቱ ዜሮ። በዜሮ ማካፈል አይቻልምና ፎርሙላው ዝም ይላል። መልስ የለም ይሁን ወይስ ሺህ መልስ አለ፣ ለመለየት ተመልሳችሁ መስመር በመስመር መሥራት አለባችሁ።

ይሄ መስመር በመስመር መሥራት ደግሞ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ቻይናዎች ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት «ዘጠኙ የሒሳብ ምዕራፎች» በሚባለው መጽሐፋቸው፣ ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ፣ የሦስት ዓይነት እህል ነዶ ምርት ስንት ስንት እንደሆነ በዚሁ መንገድ ይፈልጉ ነበር፤ በትንንሽ እንጨቶች እየደረደሩ። እኛ ዛሬ በጀርመናዊው ጋውስ ስም እንጠራዋለን። «አልጀብራ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ አል-ኽዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ነው፤ «አል-ጀብር» መመለስ፣ መጠገን ማለት ነው፤ የተሰበረ አጥንት ለሚጠግን ወጌሻም የሚውል ቃል። ጥሩ ወጌሻ የወለቀውን ወደ ቦታው ይመልሳል እንጂ አጥንት አይጨምርም፣ አጥንት አያወጣም። አቻ ሥርዓት ማለት ይሄው ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ልጁ ቅዳሜ ዕለት ሁለቱን ደረሰኞች ፎቶ አንስቶ ቤቴ መጣ። «ቲቸር፣ ሂሳቡ ልክ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ልክ አልመሰለኝም፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም» አለኝ። ያልመለስኩለት ጥያቄ ስንት ዓመት ቆይቶ በር አንኳክቶ ገባ። አብረን ሠራነው። 0 = 0 ሲመጣ ብድግ አለ። «ስለዚህ ሦስተኛ ደረሰኝ ያስፈልገናል!» ይሄን ያለው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ሰኞ ዕለት የድሮ ጥራዞች ሲፈትሽ ዋለ፤ አንድ የካርቦን ቅጂ አገኘ፦ 10 ካርቶን ሳሙናና 10 ካርቶን ዘይት፣ 31,000 ብር። ከዚያው አቅራቢ፣ በዚያው ሳምንት።

20ሳ + 30ዘ = 84,000
10ሳ + 10ዘ = 31,000

የሁለተኛውን እጥፍ ከመጀመሪያው ስንቀንስ፦

10ዘ = 22,000
10ሳ + 10ዘ = 31,000

አሁን የላይኛውን ከታችኛው እንቀንስና ሁለቱንም ለ10 እናካፍል፦

ዘ = 2,200
ሳ = 900

ይሄን የመጨረሻውን ልብ በሉት። «መልስ» የምንለው ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። እሱም ራሱ ሥርዓት ነው፤ የመጀመሪያው ሥርዓት አቻ፣ ግን ማንም የሚያነበው። እያንዳንዱ እርምጃ የሚመለስ ስለሆነም ከ900 ሌላ ዋጋ የለም ብለን በሙሉ አፍ መናገር እንችላለን። ዕዳው 9,000 እንጂ 12,000 አይደለም። 3,000 ብር ለእናንተ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእሱ የቤት ኪራይ ነው።

ልጅቷን ደወልኩላት። አልተቆጣኋትም፤ በምን አፌ? ወረቀቱን ልኬላት ስታየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ቲቸር፣ ሁለቱም ላይ ገጥሞ እኮ ነው…» አለች። «አዎ ልጄ፣ ገጥሟል። እንዲገጥም ብቻ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። በማግስቱ ራሷ ማስታወሻ ጽፋ ለአለቃዋ አስገባች። ይሄን ለማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። አኮራችኝ።

አሁን ወደ ጠቡ እንግባ። ጠቤ ከእሷ ጋር አይደለም፣ ከራሴና ከሙያዬ ጋር ነው።

በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠው፣ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4 በመቶ። በ2017 8.4 በመቶ። ያኔ ሁላችንም «ኩረጃ ነበር፣ ተጋለጠ» አልን። እውነት ነው፣ ኩረጃ ነበር። ችግሩ ሁሉ ከሾርትከት የመጣ ነውም አልልም፤ መጽሐፍ የለም፣ መምህር ደክሞታል፣ ልጁ ምሳ አልበላም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ከጎረቤት ወረቀት መቅዳትና ከቾይስ መልስ መልቀም ምን ያህል ይራራቃሉ? ሁለቱም መልሱን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። አንዱን በካሜራና በፖሊስ አስቆምነው። ሌላውን ግን እስከ ዛሬ «ቴክኒክ» እያልን በክፍያ እናስተምራለን፤ በቴሌግራም ቻናል እናሰራጫለን፤ «በ10 ሰከንድ የሚሠራ» ብለን እናስተዋውቃለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል የአገሬ ሰው። እኛ አፍሰናል፤ የሚለቅመው ግን ሌላ ሰው ነው፤ መጋዘን ውስጥ፣ ከደመወዙ።

ሦስት መልስ እንደሚመጣልኝ አውቃለሁ።

«ጊዜ የለም ቲቸር፤ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ነው።» ልክ ነው። ፈተና አዳራሽ ውስጥ ገብተህ ቾይስ ብታስገባ አልፈርድብህም። ግን እሱ የፈተና ቀን ዘዴ ነው፤ እኛ የዓመቱ ትምህርት አደረግነው። እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ልጅ መቼ ማቋረጥ እንደሚችልም ያውቃል። የማያውቅ ግን ቾይስ የሌለበት ቦታ ሲደርስ እጁ ባዶ ነው። ሕይወት ላይ ደግሞ ቾይስ ጽፎ የሚያቀርብልህ የለም፤ ካቀረበልህም ጠርጥረው።

«ስልኩ ይሠራዋል።» ይሠራል። ያውም በዚሁ መንገድ፣ መስመር በመስመር እያስወገደ ነው የሚሠራው። ግን ስልኩ «መልሱ ስፍር ቁጥር የለውም» ሲል ትርጉሙ «ሦስተኛ ደረሰኝ ፈልግ» ማለት እንደሆነ ማን ይነግርሃል? ልጁን ከዕዳ ያወጣው ስሌቱ ብቻ አይደለም። ምን እንደጎደለ ማወቁ ነው።

«70 ተማሪ ይዘህ ‹ለምን› ብለህ ማስተማር አይቻልም።» ይሄኛው ያመኛል፤ እኔም 70 ይዤ አስተምሬያለሁና። ግን እውነቱን እንነጋገር። ለዚያ ልጅ «ያዘው» ያልኩት 70 ስለነበሩ አይደለም። መልሱን አፌ ላይ አላዘጋጀሁትም ነበር፤ ተማሪ ፊት መንተባተብን ፈራሁ። ስንቶቻችን ነን እንዲህ?

እና ምን ይደረግ? ትልቅ ሪፎርም አልጠይቅም።

መምህራን፦ በሳምንት አንድ ጥያቄ ያለ ቾይስ ስጡ። መልሱን ትታችሁ ከእያንዳንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ በምን እንደተሻገረ ጠይቁ። «ወደ ኋላ መመለስ ትችላለህ?» በሉት። አንዳንዴም ሆን ብላችሁ መልስ የሌለው፣ ወይም ብዙ መልስ ያለው ስጡ። ልጁ «ቲቸር፣ ጥያቄው ስህተት አለበት» ብሎ እጁን ሲያወጣ ያን ቀን ተማረ።

ወላጆች፦ ሒሳብ ባትችሉም አንድ ጥያቄ ትችላላችሁ። ልጃችሁ «አገኘሁት!» ሲል «ሌላ መልስ እንደሌለው በምን አወቅክ?» በሉት። ዝም ካለ አትቆጡት። አብራችሁት ዝም በሉና ጠብቁት።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ ይቅርታ። በተለይ አንተ፣ ከኋላ ወንበር እጅህን አውጥተህ የነበርከው። ጥያቄህ ከመልሴ ይበልጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቲቶሪያል ሳስጠና «ቾይሱን አስገባና እየው» ስል የሰማኝ ሰው ያቁመኝ።

ለመሰናበቻ አንድ ልተውላችሁ። ሁለት ጓደኛሞች በየተራ አንድ ሻይ ቤት ገቡ። አንዱ ለ2 ሻይና ለ3 ፓስቲ 115 ብር ከፈለ። ሌላው ለ4 ሻይና ለ6 ፓስቲ 240 ብር ከፈለ። የሻይው ዋጋ ስንት ነው?

ኮሜንት ላይ ቁጥር ብቻ የሚጽፍ ሰው አላነብለትም። በምን እንዳወቃችሁ ጻፉልኝ።